ሳሎን የቀረ መስመር

ውሃ ከምንጩ ተነሥቶ እስከ ደጅ ቢመጣና ከደጁ እስከ ማድቤቱ ባይደርስ፣ ያ ቤት ውሃ አገኘ ሊባል አይችልም። ዛሬ በከተሞቻችን የሚታየው የኢንተርኔት ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም። መስመሩ በባሕር ውስጥ ተጉዞ፣ ቆላውን አቋርጦ፣ ደጋውን ወጥቶ ከቤት ይገባና ሳሎን ላይ ሲደርስ ይቀራል። ስለዚህ ጉዳይ ለተማሪዎችና አዲስ ሥራ ለያዙ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ጥቂት ለማሳሰብ እንወዳለን።

ለዚህ አሳብ መነሻ የሆነን በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ግቢ በእንግድነት ባመሸንበት ጊዜ ያየነው ነገር ነው። አባወራው በየወሩ እየከፈሉ የኢንተርኔት መስመር አስገብተዋል፤ ራውተሩም ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዳንቴል በለበሰው ቡፌ ላይ ተቀምጧል። እንግዳ በገባ ቁጥር ፓስዎርዱ ይነገረዋል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው የምታጠናው ግን ከግቢው በስተኋላ ባለው ሰርቪስ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ዋይ ፋዩ አይደርስም። ስለዚህ ልጅቱ ጋቢ ተከናንባ፣ ስልኳንና ደብተሯን ይዛ፣ ከሳሎኑ ውጭ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታጠናለች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የማታ ብርዷን የሚያውቅ ያውቀዋል። አባወራው ይህን አይተው፣ «መስመሩ ደካማ ቢሆን ነው፤ ከፍ ያለውን ክፍያ ልጠይቅላት አስቤአለሁ» አሉን።

አሳባቸው የአባት አሳብ ነው፤ መድኃኒቱ ግን የበሽታው አልነበረም። ጉድለቱ ከመስመሩ ሳይሆን ከግድግዳው ነውና።

ዋይ ፋይ በ1989 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአሠራር ደንብ የወጣለት የሬዲዮ ሞገድ ነው። የሬዲዮ ሞገድ የብርሃን ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ብርሃን ፈጽሞ የማያልፈውን ግድግዳ ይህኛው እየደከመም ቢሆን ማለፉ ነው። የእንጨት በርና ቀጭን ኮምፖርሳቶ ብዙ አያደክሙትም። በሰሜን ሸዋ ደጋ ለብርድ መከላከያ ተብሎ የሚሠራው፣ እስከ ግማሽ ሜትር የሚወፍረው የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ግን ብዙውን ይውጠዋል፤ ክረምት ገብቶ ሲረጥብ ደግሞ ይብስበታል። ቆርቆሮ ከሆነም እንደ መስተዋት ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ራውተሮች በአብዛኛው በሁለት ዓይነት ሞገድ ይሠራሉ፤ ባለ 5 ጊጋኸርትዙ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ግድግዳ ቶሎ ያሸንፈዋል፤ ባለ 2.4 ጊጋኸርትዙ በፍጥነት ያንሳል፣ ነገር ግን ራቅ ብሎ ይደርሳል።

አንዳንድ ሰው ኃይለኛ ራውተር ቢገዛ ነገሩ የሚያልቅ ይመስለዋል። ይህን ለመመርመር ወደ አንኮበር እንሂድ። በአንኮበር ጋራዎች መካከል ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ከወዲያ ማዶ ቢጣራ ይሰማል፤ የሚመልስለት ግን ድምፀ ቀጭን ሕፃን ቢሆን ንግግሩ አይሳካም። ራውተሩ ጎላ ብሎ ቢጮህ ትንሿ ስልክ ያንኑ ያህል ጮሃ ልትመልስለት አትችልም። የሚያዋጣው በመካከል አቀባይ ማቆም ነው። አቀባዩም ራሱ ደኅና አድርጎ ከሚሰማበት ቦታ መቆም አለበት፤ በቅጡ ያልሰማ አቀባይ የሚያስተላልፈው ወሬ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ሪፒተር የሚባለውን ዕቃ ገዝተው፣ ዋይ ፋዩ ከጠፋበት ክፍል ውስጥ ሰክተው፣ «አይሠራም» የሚሉ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። አስቀድሞ ራውተሩን ከቡፌው አንሥቶ በቤቱ መካከል፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ፣ ከፍሪጅና ከማይክሮዌቭ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ ይህ ብዙ ወጪ የለውም። ይህ ካልበቃ ሪፒተሩን በመንገዱ አጋማሽ ላይ መስካት ነው፤ ነገር ግን ርካሹ ዓይነት በአንድ ሞገድ ሰምቶ በዚያው ስለሚናገር ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። እንደ ሰርቪስ ቤት ግቢ ለሚለየው ክፍል ከሁሉ የሚሻለው የኔትዎርክ ኬብል ዘርግቶ በጫፉ ሁለተኛ አስተላላፊ መትከል ነው። አንድ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ከአንድ ግቢ ይተርፋል። ለሁለተኛ አስተላላፊነትም አሮጌ ራውተር አስተካክሎ መጠቀም ይቻላል፤ ስሙና ፓስዎርዱ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ከሆነ ስልኩ ከሳሎን ወደ ሰርቪስ ሲሄድ ራሱ ይሻገራል። ኬብሉ ከቤት ወደ ቤት የሚሻገር በመሆኑ ግን በቱቦ ውስጥ ቢቀበር ይመረጣል፤ ነጎድጓድ ሳይጀምርም ከሶኬትና ከኬብል መንቀልን ልማድ ማድረግ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በአንጎለላ ተወልደው፣ በአንኮበር ሆነው ሸዋን ያስተዳደሩ ንጉሥ ናቸው። በዘመናቸው ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘርግቷል። በዚያ ዘመን በዚያ መንገድ ይህን ያህል ሽቦ የዘረጋ አገር፣ ዛሬ ከሳሎን እስከ ሰርቪስ ያለው 20 ሜትር ሊያቅተው አይገባም።

እውነቱን ለመናገር የሚያቅተን ገመዱ አይደለም። ቤታችንን ለእንግዳ ማሳመር የቆየ ልማዳችን ነው፤ ምርጡ ወንበር፣ ምርጡ ስኒ፣ አሁን ደግሞ ምርጡ ዋይ ፋይ በሳሎን ይቀመጣል። እንግዳ ማክበር መልካም ነው። ነገር ግን እንግዳው ሲሄድ የሚማረው ልጅ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. ከፊሉ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ፈተናውን በኮምፒዩተር ወስዷል፤ ስለዚህ መስመሩ ለተማሪ የመዝናኛ ብቻ ሳይሆን የትምህርት መሣሪያ ሆኗል።

«ኢንተርኔት ከልጆች ክፍል ከገባ በማይረባ ነገር ያመሻሉ» የሚሉ ወላጆች እንዳሉ እናውቃለን። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ የድንጋይ ግድግዳ ጥሩ ሞግዚት አይሆንም፤ በረንዳ ላይ የተቀመጠም ልጅ ያሻውን ሊያይ ይችላል፤ ትርፉ ጉንፋን ነው። ብዙ ራውተሮች መስመሩ በስንት ሰዓት እንዲዘጋ ለማዘዝ ይቻላል። ከዚያ የሚበልጠው ግን ከልጅ ጋር ተቀምጦ መምከር ነው።

ለእናንተ ለወጣቶቹም የምንለው አለን። አብዛኞቻችሁ ራውተር ማስተካከል ከአባቶቻችሁ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ እነርሱ ከፍለው ያስገቡትን እናንተ ከዳር እስከ ዳር አድርሱት። ግቢ ተከራይታችሁ የምትኖሩ ሠራተኞችም ከባለቤቱ ጋር ተስማምታችሁ፣ ወጪውን ተካፍላችሁ፣ ኬብሉን ብትዘረጉ የአከራዩም ልጅ ይማርበታል።

በዚያ ምሽት ራውተሩን ከቡፌው ላይ አንሥተን ኬብሉ እስከ ፈቀደው ድረስ ወደ ኋላው መስኮት አስጠጋነው። ብዙ አልነበረም፤ ነገር ግን ልጅቱ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ክፍሏ ለመግባት በቃች።