አንዱ ሞተር ቢቆምስ?

ሰመር ገባ፣ ልጆቹም ትምህርት ዘጉ። ወደ አገር ቤት የምትሄዱ አላችሁ፤ እናት አባታችሁን የምታስመጡም አላችሁ። ስለ ሻንጣው ኪሎ ብዙ እናወራለን፣ ስለ በረራው ግን አንነጋገርም። እስቲ ዛሬ እሱን እናንሳ።

ከሬይኖልድስበርግ ብዙም በማይርቀው በጆን ግሌን ኤርፖርት የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። ኤፕሪል 23 ቀን 2023፣ እሑድ ጠዋት፣ የእኛ ዳግም ትንሣኤ ዕለት ነበር። ወደ ፊኒክስ የሚሄደው የአሜሪካን ኤርላይንስ ቦይንግ 737 ገና እንደተነሳ ከወፎች ጋር ተጋጨ። ከአንዱ ሞተሩ እሳት ቦግ ቦግ ሲል ከመሬት ሆነው በስልክ የቀረጹ ነበሩ። ፓይለቶቹ ግን አዙረው እዚሁ ኮሎምበስ በሰላም አሳረፉት።

እንዴት ቻሉ? ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የሚሠራው አንዱ ቢቆም በሌላው መብረርና ማረፍ እንዲችል ተደርጎ ነው። ፓይለቶችም ይህንኑ በሲሙሌተር ደጋግመው ይለማመዱታል። አትላንቲክን ለሚያቋርጥ በረራም በአንድ ሞተር የሚደርስበት ኤርፖርት አስቀድሞ ይታሰብለታል። ስለዚህ ካፒቴኑ «ሌላ ከተማ እናርፋለን» ቢል፣ ችግር ሳይደራረብ ለመውረድ ብሎ ነው።

የሚከብደው ሁለቱም ሲጎዱ ነው። በመስከረም 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ርግቦች ሁለቱንም ሞተር አበላሹበት፤ ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። እንዲህ ያለው ግን እጅግ ብርቅ ነው።

እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናት ብቻቸውን ሲመጡ፣ አውሮፕላኑ ያልታሰበ ቦታ ቢያርፍ ምን ያህል እንደሚደነግጡ አስቡት። ስለዚህ ሳይሳፈሩ በፊት በስልክ ይህን ንገሯቸው፦

ድንገት ትልቅ ድምፅ ቢሰሙ ከወንበራቸው አይነሱ፣ ቀበቷቸውን ይሰሩ፣ አስተናጋጆቹን ይመልከቱ። «ውጡ» ከተባለ ሻንጣ አይፈልጉ፤ በርበሬውም ሽሮውም ይቅር! ፓስፖርታቸውን፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የእናንተን ስልክ በእንግሊዝኛ የጻፋችሁበትን ወረቀት አንገት ላይ በምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ይያዙ። ሌላ ከተማ ማደር ቢመጣ እሷ ትበቃቸዋለች።

እናንተም ኤርፖርት ስትጠብቁ አውሮፕላኑ ሌላ ቦታ አረፈ ቢባል፣ ወሬ ከማዛመታችሁ በፊት አየር መንገዱ ጋ ደውሉ። አረፈ ማለት እኮ መሬት ላይ ናቸው ማለት ነው።

በሰላም ሂዱ፣ በሰላም ተቀበሉ።