ቁስቋም፦ ነዋሪው የማያነበው የመሬት ደንብ ቅርስን አይጠብቅም

ከጎንደር መሐል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በተራራው ወገብ ላይ የሚገኘው ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውንና የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ሥፍራ ነው። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. በፋሲል ግቢ ስም በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ቦታዎችም አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ቁስቋም የፍርስራሽ ስም ብቻ አይደለም። በአካባቢው ሰው ይኖራል፤ ልጁን ይድራል፣ ክፍል ይጨምራል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። በመሆኑም በአንድ መሬት ላይ ሁለት የሕግ ሥርዓቶች በአንድነት ያርፋሉ፤ አንዱ የከተማ ፕላን፣ ሌላው የቅርስ ጥበቃ ነው። ሁለቱ በአንድ ካርታ ላይ ተገናኝተው ነዋሪው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ሊያነባቸው ካልቻለ፣ ቅርሱም ነዋሪውም ይጎዳሉ።

በቁስቋም የመሬትን ነገር በጽሑፍ ማስፈር አዲስ ልማድ አይደለም። እቴጌይቱ ለደብሩ የሰጡት ጉልት በሰነድ የተደነገገ ነበር። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የሰፈሩት የመሬት ስጦታና ሽያጭ መዛግብትም ለታሪክ ጸሐፊው ለዶናልድ ክረሚ ጥናት ዋና ምንጭ ሆነዋል። ማን የት እንደሚኖር መወሰንም ለከተማይቱ እንግዳ አይደለም፤ እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤትና እስላም ቤት የተባሉት የጥንት ሰፈሮች ምስክር ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮ ለጎንደር ያዘጋጀው ፕላን የነዋሪውን መኖሪያ ከጣሊያናውያኑ የሚለይ ነበር። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው፦ የመሬት አጠቃቀም ደንብ ምንጊዜም የሥልጣን ጉዳይ ነው። የድሮው የሽያጭ ሰነድ ግን ሻጭና ገዢን በእማኝ ፊት ያገናኝ ስለነበር፣ ባለጉዳዩ ውሉ ምን እንደሚል ያውቅ ነበር።

የዛሬውን ሕግ ስንመለከት፣ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላንን በሁለት ደረጃ ይከፍለዋል። መዋቅራዊ ፕላን የከተማውን አጠቃላይ የዕድገት አቅጣጫና ዋና ዋና የመሬት አጠቃቀም ይወስናል፤ የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ በየሰፈሩ ምን ዓይነት አገልግሎት፣ በምን ያህል ከፍታና ጥግግት እንደሚፈቀድ ይዘረዝራል። ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት ሊሰጥበት እንደሚገባም አዋጁ ያዛል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከግንባታ በፊት የፕላን ስምምነት እንዲገኝ ይጠይቅ ነበር። በሌላ በኩል የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ በተከለለ የቅርስ ሥፍራ ያለ ፈቃድ ግንባታና ቁፋሮ እንዳይካሄድ ይከለክላል፤ በግንባታ ወቅት ቅርስ ያገኘ ሰውም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

እነዚህ ሕጎች ለየብቻቸው ምክንያታዊ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው በሚገናኙበት ቦታ ነው። አንድ አባወራ ግቢው በፕላኑ ላይ በመኖሪያ ቀለም ተቀብቶ ቢያይ፣ ክፍል መጨመር የተፈቀደለት ይመስለዋል። የቅርስ ክልል ወሰን ግን በሌላ መሥሪያ ቤት በሌላ ካርታ ላይ ሊሆን ይችላል። ክልከላውን የሚሰማው ድንጋይ አስጭኖ፣ ግንበኛ ቀጥሮ፣ መሠረት ካስቆፈረ በኋላ ከሆነ ኪሳራው የእርሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሥርዓት ፈቃድ ጠያቂውን ሲያጉላላ፣ በአንድ ሌሊት የጨረቃ ቤት የሚያቆመውን ይጠቅማል። ግልጽነት የጎደለው ጥብቅነት የሚቀጣው ሕግ አክባሪውን ነው።

ደንቡን ለሁሉም መግለጥ ግንባታን ይጋብዛል፣ ስለዚህ ነዋሪውን ከቅርሱ ማራቅ ይሻላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በላሊበላ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ተነሥተው በሌላ ሥፍራ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። በአንጻሩ በ1998 ዓ.ም. የተመዘገበው የሐረር ጁገል ክብሩን ያገኘው ሰው ከነባህሉ በውስጡ ስለሚኖር ጭምር ነው። ቁስቋምም ከደብሩ አገልግሎትና ከምእመናኑ ሕይወት ተነጥሎ ቢታሰብ የቀረው ግንብ ብቻ ይሆናል። ደንብን መግለጥም ደንብን ማላላት አይደለም። የሥፍራው ዋጋ በከፊል ከተራራው አቀማመጥና ከዕይታው የሚመነጭ ስለሆነ፣ ከባድ ገደብ ሊጣል የሚገባው ዕይታን በሚጋርድ ከፍታና ጥልቅ ቁፋሮ ላይ ነው። ዝቅተኛ የመኖሪያ ክፍል ከፎቅ ጋር በአንድ ሚዛን ሊመዘን አይገባም።

ስለዚህ ሦስት እርምጃዎች አስፈላጊ ናቸው። አንደኛ፣ ለቁስቋም የሚወጣው የአካባቢ ልማት ፕላን የቅርስ ክልሉን ወሰን፣ የሚፈቀደውን ከፍታና የቁፋሮ ጥልቀት በአንድ ካርታ ላይ በልክ ያሳይ፤ ካርታውም በቀበሌው ብቻ ሳይሆን ሕዝብ በሚሰበሰብበት በደብሩ ደጅና በዕድር ስብሰባ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ ባለጉዳዩ በአንድ መስኮት ጠይቆ፣ ከከተማ ፕላንና ከቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች የተስማሙበትን መልስ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያግኝ። ሦስተኛ፣ ለአገር ቅርስ ሲባል ግቢውን እንዳያሻሽል የተከለከለ ሰው የጥገና ምክርና ድጋፍ ይሰጠው፤ የሁሉም የሆነ ሀብት ጥበቃ የጥቂት ጎረቤቶች ዕዳ ብቻ ሊሆን አይገባም።

በዚህ ረገድ የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ድርሻ ትልቅ ነው። የሕግ፣ የታሪክና የከተማ ፕላን ተማሪዎች በጋራ የደብሩን የመሬት መዛግብት ከዛሬው ይዞታ ጋር ቢያመሳክሩ፣ የጥንቱ ግቢ እስከ የት እንደሚደርስ ለሚነሣ ክርክር ማስረጃ ያቀርባሉ። ወሰኑ በማስረጃ ሲታወቅ ጠባቂውም ነዋሪውም የሚከራከሩበትን ያውቃሉ።