«የወፍ በሽታ» የሚለው ስም ይቅርብን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። በሽታው ራሱ የተደበቀበትን ሰውስ ምን እንበለው?

እዚህ ገዳሪፍ በዐረብኛና በአማርኛ መካከል ቆሜ ሳስተረጉም እንደዚህ ስም ያስቸገረኝ የለም። ሐኪሙ ስለ ሄፓታይተስ ቢ ይናገራል፤ ከመተማ ተሻግራ የመጣችው ነፍሰ ጡር «የወፍ በሽታ» ስትባል የሌሊት ወፍን ታስባለች። «ዓይኔ ቢጫ አልሆነ! የምን የወፍ በሽታ ነው?» ትላለች። ስሙ አታሏታል። ቫይረሱ አንዳች ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ጉበት ውስጥ አድፍጦ ለካንሰር ይዳርጋልና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ቫይረሱ ሥር ከሰደደባቸው 254 ሚሊዮን ሰዎች መካከል በምርመራ የታወቀላቸው 13 በመቶው ብቻ ነበሩ።

ዐረብኛውም አይሻልም። «ወባኢ»፣ ማለትም «የወረርሽኝ» ስለሚለው ጎረቤት አብሮ መብላት ይፈራል። ቫይረሱ ግን በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ እንጂ በማዕድ አይተላለፍም።

«ስሙ የአባቶች ነው፤ አይነካ» የሚሉ አሉ። አባቶች የሰየሙት ያዩትን ቢጫነት ነው፤ ቫይረሱ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ባላወቁት ነገር አንወቅሳቸውም፤ እያወቅን የምንደብቅ እኛ ግን እንወቀሳለን።

ዕዳው የሕፃን ነውና። ሲወለድ ከተያዙ 10 ሕፃናት 9ኙ ያህል ቫይረሱ ሥር ይሰድባቸዋል። ለእነርሱ በ6ኛው ሳምንት የሚጀመረው ክትባት ይዘገያል፤ የመጀመሪያው በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። ስለዚህ አስተርጓሚዎች፣ ወፉን እንተወው። ለእናቲቱ በግልጽ እንንገራት፦ «የማይታይ የጉበት ቫይረስ ነው፤ ሳትወልጂ ደምሽን ተመርመሪ።»