የአስታማሚዋ ድስት



ዛሬ በሐኪም ቤት ከምናያቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ የተፈለሰፉት ወይም የተሻሻሉት የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠችበት ዘመን፣ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1837 እስከ 1901 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው፤ ዓመታቱንም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እንጠቅሳለን። ከእነዚህ መሣሪያዎች መካከል የመንዝና የግሼ ደጋ ቤተ ሰብ ከሁሉ ይልቅ ሊያውቀው የሚገባው አንድ ድስት ነው።

በ1841 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ሐሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ወደ አንኮበር በመጣ ጊዜ፣ ኪርክ የሚባል ሐኪም አብሮት ነበረ። ያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር እንኳ ቢላዋ ከሥራ በኋላ ይወለወል ነበር እንጂ ከሥራ በፊት አይቀቀልም ነበር። በዚህ ረገድ የአውሮፓው ሐኪም ቢላዋና የእኛ የዋግምት ምላጭ እምብዛም አይለያዩም ነበር፤ ሁለቱም ደዌን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ያሻግሩ ነበርና።

ከዚህ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1860 ዓ.ም. ፍሎረንስ ናይቲንጌል በለንደን የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት አቋቋመች፤ አስታማሚ እጇን አዘውትራ እንድትታጠብም አጥብቃ አስተማረች። በ1867 ዓ.ም. ሐኪሙ ሊስተር ቁስልንና መሣሪያን በካርቦሊክ አሲድ ማንጻት እንደሚገባ ለዓለም ገለጠ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ የፓስተር ረዳት የነበረው ፈረንሳዊው ሻምበርላን አውቶክሌቭ የሚባለውን ድስት ሠራ። የዚህ ድስት ክዳን አጥብቆ ስለሚዘጋ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ታፍኖም ትኩሳቱ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል።

ይህ ለደጋው ሰው ስለ ምን ይጠቅማል ቢባል፣ ምክንያቱ እነሆ። ውሃ በባሕር ዳርቻ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ግን አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያ ባነሰ ትኩሳት ይፈላል። በ3,000 ሜትር ከፍታ፣ ይኸውም በመሐል ሜዳ አካባቢ ባለው ደጋ፣ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ከጀማ ቆላ ወደ መንዝ የተዳረች ሴት ባቄላው አልበስል እያለ ማገዶ የሚያስፈጃት ስለዚህ ነው። እሳቱን ብታበረታ ውሃው ፈጥኖ ይተናል እንጂ ትኩሳቱ አይጨምርም።

ባቄላ ቢዘገይ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ የእትብት መቁረጫ ግን እንዲህ አይደለም። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ ዘር በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል፤ ጽኑ ሽፋንም ስላለው በፈላ ውሃ ይሞታል ተብሎ አይታመንም፤ በደጋው ውሃማ ይልቁንም። የአውቶክሌቭ እንፋሎት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያጠፋዋል። ስለሆነም «ምላጩን ቀቅለነዋል» ማለት ብቻውን ሕፃኑን አያድነውም።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፤ በእርግዝና ጊዜ የመንጋጋ ቆልፍን ክትባት ተከተቡ፤ መውለጃችሁም በጤና ጣቢያ ወይም እንደ መሐል ሜዳና እንደ ዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል ባለ ስፍራ ይሁን። ምጥ በመንገድ ላይ በድንገት ቢይዝ፣ አዋላጂቱ እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ ከወረቀቱ ያልወጣ አዲስ ምላጭም ትያዝ፤ እናትና ልጅም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ። በእትብቱ ላይ ቅቤም ሆነ እበት አይደረግ። የሕፃንን እንጥል ማስቆረጥ ይቅር፤ አንዱ የተበጣበት ምላጭም በሌላው ገላ ላይ አይዋል።

በሐኪም ቤትም አስታማሚዋን «እኅቴ፣ ይህ መሣሪያ ከአውቶክሌቭ የወጣ ነውን?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም። ሥራዋን የምታውቅ አስታማሚ በጥያቄው አትቀየምም፤ ደስ ብሏት ትመልሳለች።