ቫርኒሽና የክረምት ብርድ

የእጅ ሥራ ለእኛ አዲስ አይደለም። ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸማ ሠርተው፣ ሸክላ ሠርተው ያሳደጉን ወላጆች ናቸው። ዛሬም ጡረታ ወጥቶ ማህሳኑን የእንጨት ሥራ ቤት ያደረገ አባት አለ፤ ለልጅ ልጁ በርጩማ ይሠራል። ግን ሞፈርና ቀንበር ቫርኒሽ አያውቁም ነበር፤ ቫርኒሹ ደግሞ የእዚህን አገር ክረምት አይወድም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። በዘይት የተሠራው ቫርኒሽ የሚጠነክረው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ብርድ ያዘገየዋል። በውኃ የተሠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት 20 ዲግሪ ገደማ ለሆነ ክፍል ነው እንጂ ለቀዝቃዛ ማህሳን አይደለም።

ስለዚህ እንጨቱንም፣ የተከደነውን ቆርቆሮም አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ አሳድሩ። ረፋዱ ላይ ጀምሩ። ወደ ማታ ከቀባችሁ ጤዛ ያርፍበትና ነጭ ጭጋግ ያወጣል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሁለተኛውን ከመድገማችሁ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ጥግ ላይ ሞክሩ፦ ደረቅ ዱቄት ከወጣ ደርሷል፤ ወረቀቱ ላይ ከተለጠፈ ገና ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ቶሎ ይድረቅ ብላችሁ በሩን ዘግታችሁ የጋዝ ማሞቂያ ወይም የከሰል ምድጃ አታስገቡ። የቫርኒሹ ትነት በእሳት ይያያዛል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ሽታ የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ ያደክማል፣ ከዚያ ይገድላል። ቆርቆሮውንም እሳት ላይ አትጣዱ።

ሌላም አለ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ከተጣለ ያለ ክብሪት ራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል። ተልባ ስል ያንኑ በጾም ቀን የምናውቀውን ተልባ ማለቴ ነው። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውኃ ባለበት የብረት ዕቃ ነክራችሁ ክደኑት።

እናንተም እናቶች፣ ባለቤታችሁ ማህሳን ገብተው ከቆዩ ልጅ ልካችሁ አስጠይቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በርጩማው አንድ ሳምንት ቢዘገይ የልጅ ልጅ ይጠብቃል፤ አያቱን ግን በሌላ አይተካም።

በሰላም ክረሙ።