መሳቢያ ውስጥ የሚሞቱ ልቦለዶች

አንድ ሰው አለ። ስሙ አያስፈልግም፤ በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ ማኪያቶ በሚጠጣበት በረንዳ ሁሉ ይገኛል። ስለ ፒያሳ ልቦለድ እየጻፈ ነው። መጻፍ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። "የት ደረሰ?" ሲሉት "ምዕራፍ አንድን እያስተካከልኩ ነው፣ የመጀመሪያው አረፍተ ነገር አልተዋጠልኝም" ይላል። ሰሚውም በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል። ጥንቁቅ ሰው ነዋ!

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ልቦለዱ ውስጥ ያለው ቁርጥ ቤት፣ ገጸ ባሕሪዋ በልጅነቷ የወደቀችበት ደረጃ፣ ሽማግሌዎቹ ዳማ የሚጫወቱበት ጥግ፣ ሁሉም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተነሣ። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። የሰውየው መጽሐፍ ግን ዛሬም ምዕራፍ አንድ ላይ ነው። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው በእጁ የያዘው ብቸኛ መዝገብ አልወጣም። ለምን ቢባል፣ አረፍተ ነገሩ አልተዋጠለትም።

ይህ ፍጽምና መፈለግ ይባላል። ሌላው ሕዝብ እንደ በሽታ ይቆጥረው ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን የሙገሳ ቃል ነው። "እሱ እኮ ዝም ብሎ አያወጣም" ይባልለታል። አንድ መጽሐፍ ያላሳተመ ሰው አምስት ካሳተመው በላይ የሚከበርበት የሥነ ጽሑፍ መንደር ተፈጥሯል። ያላሳተመ አይተችም፤ ያልተተቸ አዋቂ ይመስላል። ነጻ ክብር ነው።

ልብ በሉ፤ መጻፍ የማይችለውን ሰው የሚመለከት ነገር እዚህ የለም። የሚመለከተው የሚችለውን ነው። የማይችለውማ ማንንም ሳይጠይቅ እያሳተመ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ሰው የግል ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል መስመር ባላስፈለገው። ችግሩ ባዶ ቦታ ባዶ ሆኖ አለመቆየቱ ነው። ካድሬ ረቂቅ አያስጨንቀውም። የፕሮፓጋንዳ ክፍል ኃላፊ "ይህች ቃል ከዚያች ቃል ጋር አልተስማማችልኝም" ብሎ ሌሊቱን ሲገላበጥ አያድርም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት ነበር። መግለጫው በሰዓታት ወጣ፤ ዘፈኑ በቀናት፤ ዘጋቢ ፊልሙ በሳምንታት። ሁሉም ወገን የራሱን ጀግናና የራሱን ሰማዕት ይዞ ቀረበ። ልጇን በሁለት ግንባር የሰጠችውን እናት፣ ባንክ ተዘግቶ የራሱን ገንዘብ ማውጣት ያቃተውን መምህር፣ ሬሳ ሲቀብር ከርሞ ዛሬ ታክሲ የሚነዳውን ልጅ በሙሉ ቁመቱ የሚያሳየው ልቦለድ ግን ቀርፋፋ ነው። ከሚጽፉት ውስጥ የሚበዙት "ጊዜ ይፈልጋል፣ ይብሰል" እያሉ ነው። ይብሰል ማለት ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚበስል ነገር እሳት ላይ ይጣዳል እንጂ መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍም።

በዓሉ ግርማን እናስታውስ። የቀይ ኮከብ ዘመቻ የታወጀው በ1974 ዓ.ም. ነው። በዓሉ በዚያው ዘመቻ አሥመራ ነበር። "ኦሮማይ" የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። ያየው ነገር ትኩስ እያለ፣ ሰዎቹ ሥልጣን ላይ እያሉ፣ ቁስሉ እየደማ አወጣው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ በዓሉ "አንድ ዓመት ልተወውና ደግሜ ልየው" ቢል ኖሮ ምን ይቀረን ነበር? ምናልባት ፍጹም የሆነ የምዕራፍ አንድ ረቂቅ። እሱም በፍተሻ ካልተወሰደ።

"ኦሮማይ" እንከን የለሽ አይደለም። የጥድፊያ ምልክት ያለባቸው ገጾች አሉት፤ የፍቅሩ ታሪክ አንዳንድ ቦታ ፊልም ፊልም ይሸታል። ይሁንና ያንን ዘመቻ ማወቅ የፈለገ ሰው ዛሬም የሚያነሣው እሱን ነው። የዘመቻውን መግለጫዎች ማን ያነባል?

ከበዓሉ ሌላም ትምህርት አለ፤ ይኼኛው ብዙ ሲነገርለት አይሰማም። "የኅሊና ደወል"ን በ1966 ዓ.ም. አሳተመ። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ታሪክ እንደገና ሠርቶና አስፍቶ "ሐዲስ" ብሎ በ1975 ዓ.ም. አወጣው። የመጀመሪያውን ሳያወጣ ሁለተኛውን አልጠበቀም። አወጣ፣ ተነበበ፣ ተመለሰበት። የታተመ መጽሐፍ የመቃብር ድንጋይ አይደለም። ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ ተመልሶ ሊነካው ይችላል። ፍጽምና ፈላጊው ይህን ማመን አይፈልግም፤ ምክንያቱም ካመነ ሰበቡ ያልቃል።

ሰበቡም ብዙ ጊዜ በትልቅ ስም ተጠቅልሎ ይመጣል። "ሐዲስ አለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን ያሳተሙት ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ነው" ይባላል። እውነት ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ነው የወጣው። ግን እኚህ ሰው እስከዚያ ድረስ አንድ አረፍተ ነገር ሲያሹ አልተቀመጡም። ዘምተዋል፤ በፋሺስት ጣሊያን ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረዋል፤ ከዚያ በኋላ በዲፕሎማትነት አገር አገልግለዋል። በመካከሉም ቢሆን ዝም አላሉም፤ "ተረት ተረት የመሠረት" በ1948 ዓ.ም. ታትሟል። የሐዲስን ዕድሜ የሚጠቅስ ሰው የሐዲስን ሥራም ይጥቀስ።

ደግሞም እኚሁ ሐዲስ በመጽሐፋቸው መግቢያ ላይ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት እንዲቀነሱ ተከራክረዋል። ዛሬ አንድ ወጣት አጭር ልቦለዱን ቴሌግራም ላይ ቢለጥፍ መጀመሪያ የሚመጡበት የፊደል ፖሊሶች ናቸው። "ሠ መሆን ሲገባው ሰ ጽፈሃል።" "ፀሐይ እንጂ ጸሀይ አይባልም።" ታሪኩ ምን እንደሚል፣ ሴትዮዋ በመጨረሻ ለምን በሩን እንዳልከፈተች የጠየቀ የለም። ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት የሚለጥፈው ነገር አይኖረውም። እርማት ላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም እርማት ላይ ነው። እነዚህ አስተያየት ሰጪዎች ቋንቋ የጠበቁ ይመስላቸዋል፤ ቋንቋው ግን የሚኖረው ሲጻፍበት ነው። ፊደል መጠንቀቅ ደግ ነገር ነው፤ ግን የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

"የእኛ ባህል እኮ ጥንቃቄ ነው፣ ሰምና ወርቅ ያለው ሕዝብ እንዴት ጥሬ ነገር ያቀርባል?" የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የቅኔ ቤትን ደጃፍ አላዩም።

የቅኔ ተማሪ እንዴት ይማራል? ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከጓደኞቹ ይለይና ጫካ ወይም የዛፍ ጥላ ሥር ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ ተመልሶ መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል። ያውም ጓደኞቹ እየሰሙት። የኔታ ያርማሉ፤ ይህ ቤት ጎደለ፣ ይህ ምሥጢር አልተገናኘም፣ ይህ አገባብ አልቆመም ይላሉ። አንዳንዴም ይሳቃል። ተማሪው አፍሮ ይቀመጣል፤ ነገ ግን ሌላ ቅኔ ይዞ ይመጣል። የትናንቱን ሲያሽ አይከርምም፤ አዲስ ነው የሚፈለግበት። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው። ዋሸራም ሆነ ዋድላ፣ ጎንጅም ሆነ ሌላ ቤት፣ መንገዱ ይኸው ነው፤ መቁጠር፣ መናገር፣ መታረም፣ ደግሞ መቁጠር።

ሲመረቅም ነገሩ አይቀርለትም። በዓሉ ደርሶ ማኅሌቱ ሲቆም፣ ቅኔው በሚሰጥበት ቦታ ላይ ባለቅኔው መቆም አለበት። "ገና አልተዋጠልኝም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ጥምቀት አደርሰዋለሁ" አይባልም። የትናንቱን ደግሞ ማምጣት ነውር ነው። በዚህ አገር ከቅኔ የበለጠ ጥብቅ ሕግ ያለው ጥበብ ማን አየ? ያም ሆኖ ከቅኔ የበለጠ በየዕለቱ የሚፈስስ ጥበብም የለም። ጥብቅነትና መደበቅ አንድ ያልሆኑት እዚህ ላይ ነው። ስንት ቅኔ ተነግሮ እንደ ጤዛ ጠፋ! ባለቅኔዎቹ አልሞቱበትም። ከጠፋው ሺህ ውስጥ የቀረው አንዱ እስከ ዛሬ በቃል ይወርዳል፤ ያ አንዱ የመጣው ሺው ስለተነገረ ነው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም የመጀመሪያውን የአማርኛ ልቦለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲያሳትሙ የሚለኩበት ሌላ የአማርኛ ልቦለድ አልነበረም። ትንሽ መጽሐፍ ናት። ገጠመኟ የበዛ ነው፤ ልጅቱ ወንድ መስላ ስትዞር የሚያውቃት የለም፤ ሁሉም በመጨረሻ አምሮ ሰምሮ ያልቃል። ዛሬ አንድ ሃያሲ ቢያገኛት በሦስት ገጽ ሊያፈራርሳት ይችላል። "ልብ ወለድ" የሚለው ቃል ግን የመጣው ከእሷ ርዕስ ነው። የዛሬው ፍጽምና ፈላጊ "ልቦለዴ አልደረሰም" ሲል፣ ሳይጨነቅ በተጻፈ መጽሐፍ ቃል ነው የሚናገረው።

ነቢይ መኮንንን ደግሞ ማን ይረሳዋል? በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልቦለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰ። ወረቀቱ በየጊዜው በድብቅ ከእስር ቤት ይወጣ ነበር። በኋላ "ነገም ሌላ ቀን ነው" ተብሎ ታተመ። የሲጋራ ወረቀት ላይ የሚጽፍ እስረኛ መዝገበ ቃላት የለውም፤ ጸጥታ የለውም፤ ነገ እዚያው ክፍል ስለመኖሩ ማረጋገጫ የለውም። ላፕቶፕ፣ መብራትና ቅዳሜ ያለው ሰው ግን "ስሜቱ አልመጣልኝም" ይላል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም።

አንደኛው፦ ገበያው ባልታረመ መጽሐፍ ተጥለቅልቋል፤ የፌስቡክ ጽሑፉን ሁሉ ጠርዞ ልቦለድ የሚል በዝቷል፤ እንግዲህ ፍጽምናን ተዉ ማለት እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው ይባላል። መጥለቅለቁ እውነት ነው። ግን ዝርክርኩንና ፍጽምና ፈላጊውን ያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም አርታዒ የላቸውም። ዝርክርኩ የአርታዒን ሥራ ዘልሎ ያልፋል፤ ፍጽምና ፈላጊው የአርታዒን ሥራ ብቻውን፣ መጨረሻ በሌለው ሁኔታ ይሠራል። በኩራዝ አሳታሚ ጊዜ፣ ሳንሱሩ የሚረገም ሆኖ ሳለ፣ አማረ ማሞን የመሰሉ አርታዒዎች ነበሩ። ደራሲ ረቂቁን ይሰጣል፤ ሌላ ዓይን ያየዋል፤ ተከራክረው ይወጣል። ዛሬ ደራሲው ከኪሱ አውጥቶ ያሳትማል፤ የወረቀት ዋጋ ሰማይ ነክቷል፤ አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ገንዘቡም ስሙም አብረው ይሄዳሉ። እንዲህ ባለ ቦታ መፍራት አያስገርምም። መድኃኒቱ ግን ረቂቁን ለሁለት ጨካኝ አንባቢ መስጠት ነው፤ አንዱ ቋንቋ የሚያውቅ፣ አንዱ ሰፈሩን የሚያውቅ። የኔታ የሉም ማለት ጫካ ውስጥ መቅረት አለብን ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። "ጸሐፊው የሚፈራው ስህተትን አይደለም፣ እስርን ነው" ይላሉ። በዓሉን እንደ ምሳሌ ጠርቶ መጨረሻውን መዝለል አይቻልም። እውነት ነው፤ ይህ አገር ለጸሐፊ ደግ ሆኖ አያውቅም። እስር የሚፈራ ሰው "ፈራሁ" ቢል ማንም ድንጋይ ሊያነሣበት አይገባም፤ ፍርሃቱን ራሱን ቢጽፈው ደግሞ ይበልጥ እንሰማዋለን። ነገሩ የሚበላሸው ፍርሃት የጥራት ነጠላ ለብሶ ሲመጣ ነው። ለሌላው "ፖለቲካው አስፈርቶኝ" እያለ፣ ለራሱ "አልበሰለም" እያለ፣ በሁለቱ መካከል ገጹ ባዶ ይቀራል። ስለ መንግሥት አንድ ቃል የሌለበት፣ ስለ ሁለት እህትማማቾች የውርስ ጸብ የተጻፈ ልቦለድም እኮ አሥራ አንደኛ ረቂቅ ላይ ነው ያለው! እሱን ማን ያስረዋል?

ውጭ አገር ያለው ጸሐፊስ? ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ተቀምጦ፣ በር የሚያንኳኳበት ፖሊስ ሳይኖር፣ ያንኑ ሰበብ ይደግማል። "አማርኛዬ ዝጓል" ይላል። የዛገ አማርኛ የራሱ ታሪክ አለው፤ ሃያ ዓመት በሌላ ቋንቋ ሠርቶ አዳሪ የሆነ ሰው አማርኛ ምን እንደሚመስል የሚያሳየን እሱ ካልሆነ ማን ነው?

የፒያሳውን ሰውዬ በተመለከተ፦ የመጀመሪያው አረፍተ ነገር አልተዋጠለትም እንበል። ይዝለለው። ከሁለተኛው ይጀምር። ሽማግሌዎቹ ዳማ የሚጫወቱበት ጥግ የት እንደነበረ፣ ማን በማን ላይ ያፌዝ እንደነበረ፣ ቁርጥ ቤቱ በጾም ፍቺ ዋዜማ ስንት ሰዓት ይከፈት እንደነበረ ይጻፍ። ከእነዚያ ሽማግሌዎች የተወሰኑት ዛሬ የከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናቸው፤ ስልካቸው አለው። ይህን ቅዳሜ ሄዶ ምዕራፍ አንድን፣ እንዳለች፣ ያንብብላቸው።