«አረፍ ይበሉ» የሚለው ክብር

ወላጆቻቸውን በፍቅር የሚጦሩ ልጆች ዘንቢሉን ከእናታቸው፣ ባልዲውን ከአባታቸው እጅ ተቀብለው «ከእንግዲህ አረፍ ይበሉ» ማለትን የአክብሮት ሁሉ መጨረሻ አድርገው ይቆጥሩታል። ይህ ዓምድ ልማዱን ሲሞግት የአሁኑ የመጀመሪያው አይደለም፤ ልጆቹም የሚወቀሱት ፍቅር ስለ ጎደላቸው ሳይሆን ልብ ጡንቻ መሆኑን፣ ሥራ የፈታ ጡንቻም እንደሚሰንፍ ስለ ዘነጉ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 በአሜሪካ፣ ዳላስ ከተማ፣ አምስት ጤናማ የ20 ዓመት ወጣቶች ሦስት ሳምንት ያህል ከአልጋ ሳይወርዱ እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ሰውነታቸው ባለ በሌለ ኃይሉ ሲጥር ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክሲጅን መጠን፣ ማለትም የልብ፣ የሳንባና የጡንቻ የጋራ አቅም፣ ሲለካ በአማካይ ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች እንደገና ሲመረመሩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተጫናቸው ዕድሜ የወሰደባቸው አቅም ያ የሦስት ሳምንት መኝታ ከወሰደባቸው ያነሰ ነበር፤ ለስድስት ወር ያህል ቀስ በቀስ እየጨመረ የሄደ የእግር ጉዞ፣ የሶምሶማና የብስክሌት ልምምድ ሲያደርጉ ደግሞ ዕድሜ የነጠቃቸውን መልሰው አገኙ። አምስት ሰው ብቻ ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ አልጋ ሰውን እንዴት እንደሚያደክም ግን በሽተኛ ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

ዕድሜ ሲገፋ ከልብ የሚነሳው ትልቁ ደም ቅዳ መለጠጡ እየቀነሰ ይደርቃል፤ ልብ ደም በረጨ ቁጥር ሥሩ እንደ ቀድሞው ስለማይሰፋም የላይኛው የግፊት ቁጥር ከፍ ይላል። በእንቅስቃሴ ጊዜ ደም በፍጥነት ሲፈስ የሥሮቹ ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ፣ ሥርን የሚያላላ ጋዝ ያመነጫል። ከእንቅስቃሴ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ዮጋ ደግሞ ሰውነትን ከማሳሳብ በተጨማሪ በሌላ በር፣ በእስትንፋስ በኩል ይገባል። የጣሊያን ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በላቲን የሚደገመው የመቁጠሪያ ጸሎትም ሆነ በዮጋ የሚደጋገመው ቃል እስትንፋስን በደቂቃ ወደ ስድስት ዝቅ ሲያደርጉ፣ ግፊት ሲለዋወጥ የልብን ምት የሚያስተካክለው የነርቭ ምላሽ ይበልጥ ንቁ ሆኖ ታይቷል። ስለዚህ ዮጋ ከእምነታቸው ጋር የሚጋጭባቸው አረጋውያን እንዲሠሩት መገፋት የለባቸውም፤ ዳዊት በዝግታ የሚደግሙ አባትን ያዳመጠ ሰው የእስትንፋሳቸውን ርዝመት ልብ ሳይል አይቀርም። ዮጋ ብቻውን ይበቃል የሚሉት ግን ተሳስተዋል፤ ዝግ ያለ ዮጋ ልብን እንደ ፈጣን እርምጃ አያሠራውም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአረጋውያን ጭምር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴን ይመክራል።

በዚህ ሳምንት ነገሩን እንደገና ያስነሳው በአዲስ አበባ፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። በየማለዳው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወርዱ የነበሩት እኚህ እናት፣ ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ወዲህ ልጆቻቸው ደረጃውን ስለከለከሏቸው ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተሉ ዓመት ያህል ተቀምጠው፣ አሁን ከሳሎን በረንዳ እስኪደርሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሐኪም አልከለከላቸውም፤ የከለከላቸው ፍቅር ነው። አሁን እንደገና ለመጀመር፣ የትንፋሹ ማጠር ከመቀመጥ ብቻ የመጣ መሆኑን ሐኪም ያረጋግጥ፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ሲነሳ ሊያዞረው ስለሚችልም መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ይቀመጡ። ከዚያ መደገፊያውን ይዘው አንድ ፎቅ ብቻ ወርደው፣ መዞሪያው ላይ እስትንፋሳቸው እስኪመለስ ቆመው፣ መልሰው ይውጡ። ልጃቸው ሲወርዱ ከፊታቸው፣ ሲወጡ ከኋላቸው ትሁን እንጂ ክንዳቸውን ይዛ አትጎትታቸው፤ ዘንቢሉንም፣ ሁለት ሎሚ ብቻ ቢኖርበት እንኳ፣ በሌላኛው እጃቸው እሳቸው ይያዙት።